ስሙ የማይጠራው ሥር

«የጓሮ ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ፊቴ ቆሞ ባላየው ደስ ይለኛል። ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ አንድ ሰውዬ ጓሮው መሀል ቆሞ የሚያወራበትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ይኼ ለስኳር፣ ይኼ ለደም ግፊት፣ ይኼ ለጉበት ይላል። ፈገግ እያለ ይቆርጣል፣ ፈገግ እያለ ይወቅጣል። «አየሽ፣ የተፈጥሮ ነው፤ ኬሚካል የለበትም» አለችኝ። «እባብም የተፈጥሮ ነው» አልኳት። ተቀየመች። ትቀየም። እኔ እንጅባራ ሆስፒታል ስድስት ቀን የተኛሁት በኬሚካል አይደለም። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ፣ በገዛ እጄ ተክዬ፣ በገዛ እጄ ኮትኩቼ ባሳደግሁት ነገር ነው።

ስሜ ትሁን ይባላል። ዳንግላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው በመስኮት በኩል ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ ፋይሉን አወጣለታለሁ። ስም ያልተጻፈበት ፋይል ሲገጥመኝ ያመኛል። የጠፋ ፋይል ይሻላል፤ የጠፋውን ቢያንስ በስሙ እየጠራን እንፈልገዋለን። ባለቤቴ ልየው በዚህ ጠባዬ ይስቅብኝ ነበር፤ የቅመም ብልቃጥ ሁሉ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁና። አሁን አይስቅም።

የምንኖረው በአማቴ ግቢ ነው። እማማ ያልጋነሽን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ የሚያውቃቸውም በጓሯቸው ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋ፣ እሬት፣ አሪቲ፣ ምኑ ቅጡ። ምች የመታው ይመጣል፣ ሆዱን የቆረጠው ይመጣል፣ ልጁ አልተኛ ያለችው እናት ትመጣለች። አማቴም ማንንም ባዶ እጁን አይሸኙም። ይህን መካድ ነውር ነው፤ አልክድም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነውና ጓሮው በእኔ ላይ ወደቀ። እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ ከሥራ መልስ እቆፍራለሁ፣ አርማለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ምርቃቱ ለእሳቸው ነው፣ የወገብ ሕመሙ ለእኔ። ልየው እንደሆነ ጓሮ ብቅ የሚለው ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጓሮ ታዲያ አንድ ሕግ ነበረው። «በምሥራቅ በኩል ያለውን ጥግ እንዳትነኪ።»

«ምን አለበት እማማ?»

«አትንኪ ብያለሁ።»

ነገሩን ልየው ነው ያስረዳኝ። እዚያ ጥግ ላይ ያለው የአባታቸው መድኃኒት ነው። የወፍ ለሚባለው በሽታ ነው፤ ዓይንና ገላን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም እኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው፣ የሌሊት ወፍ በላይህ ስታልፍ የሚይዝህ ነው ይባላል። መድኃኒቱ ከአባት ለአንድ ልጅ ብቻ ይነገራል። ሥሩ የሚማሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ነው። መብራት አይበራም። የሚቆፍረው ሰው አይናገርም፣ ዞሮም አያይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሙ አይጠራም። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይሞታል። አማቴ ይህን ሲናገሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለው፤ «አንዱን የአጎቴን መድኃኒት ሚስቱ ገደለችበት» ይላሉ፣ ሴትዮዋ ገበያ ላይ ስሙን ተናግራ ነው።

ካች አምና ልየው የድሮውን የስሚዛ አጥር ነቅሎ ቆርቆሮ አቆመ። ስሚዛ መቼም የማያውቀው የለም፤ ፍየል እንኳ ስለማይበላው ግማሹ ጎጃም አጥር የሚያደርገው ቁጥቋጦ ነው። አጥሩ ሁሉ ሲነቀል ያ የምሥራቁ ጥግ ብቻ ቀረ። እዚያ ያለችውን ቁጥቋጦ ዞሬ ዞሬ አየኋት። ከተነቀለው አጥር የተለየ ምንም አላገኘሁባትም። እንግዲያው ከሥሯ የተቀበረ ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን እማማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቆፈርኩ። ምንም የለም። ቁጥቋጦዋን ጣልኩና ጉድጓዱ ላይ እንዶድ ተከልኩ፤ ፍሬው ልብስ ሲያጥብ ከሳሙና ይበልጣል። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያይብኛል? እሳቸው ዓይናቸው የለም፣ ልጃቸው ጓሮ አይገባም። እንዶዱ ባንድ ዓመት ቆርቆሮውን ወጣበት። ባለፈው ጥር ፍሬውን ለቅሜ ግንዱን ከሥሩ ቆረጥኩት፤ ጉቶው ቀረ።

ሕመሙ ግንቦት ላይ ጀመረኝ። መጀመሪያ ድካም ነው። ከመዝገብ ቤቱ መሰላል ላይ ሁለት ደረጃ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ የዘይት ሽታ ጠላሁ፣ ከዚያ የማንኛውም ምግብ ሽታ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጣቴን ወጉኝና «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉኝ። ሁለቱ በሽታዎች እኛ ከተማ ላይ ተነጣጥለው አያውቁም፤ እግርህን ሰብረህ ብትሄድም ሁለቱን ይዘህ የምትወጣ ነው የሚመስለኝ። ክኒኑን ጨረስኩ፣ ባሰብኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላኛው ባለሙያ «ጨጓራ ነው፣ ንዴት ቀንሺ» አለኝ። ንዴት ቀንሺ! እዚያው አግዳሚው ላይ ከእኔ ጋር ሁለት ሰዓት የጠበቁት ሴትዮም ጨጓራ ተብለው ወጡ። ያን ቀን ከመናደድ ሌላ ምንም ጉልበት አልነበረኝም።

ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ባለጉዳይ ስሙን ሊነግረኝ ወደ መስኮቱ ዝቅ አለና ስሙን ረሳ። «እቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለኝ።

ቤት ስገባ አማቴ ልጃቸውን «ዓይኗን በብርሃን እያት» አሉት። አየ። «ቢጫ ነው» አለ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ።

«የወፍ ነው። እኔ እያለሁ ነው ክሊኒክ ለክሊኒክ የምትንከራተተው?»

«እማማ፣ እንጅባራ ሆስፒታል ልሂድ» አልኩ።

«ሂጂ! ይውጉሽና ትሞቻለሽ። የወፍ በሽታ መርፌ ከነካው አይምርም። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። ልየው ጠዋት ከእኔ ጋር ይስማማል፣ ማታ ከእናቱ ጋር። አንዴ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አለ፤ ጫማ ነበር የወረወርኩበት። ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ ይመጡና ሁሉም መርፌ ተወግቶ የሞተ የወፍ በሽተኛ ያውቃሉ። በሽተኛው ሁልጊዜ የሌላ ቀበሌ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን እሺ አልኩ። በዚያ ሕመም ላይ ሆኜ የምሥራቁ ጥግም እንዶዱም ትዝ አላሉኝም። ተገድጄ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ሲመርቃቸው ያየኋቸው ሴት ናቸውና አመንኳቸው። ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ልየው ነው። እናቱ ከዋዜማው «ከጥጉ ያለውን» ብለውታል፤ ሌላ ቃል የለም። ስሙን ነግረውት ቢሆን ኖሮ ባሌ አናጺም ቢሆን ከቅጠል ቅጠል፣ ከሥር ሥር ይለይ ነበር። ግን ስሙ አይጠራም። ቆፈረ፣ አጠበ፣ ፋቀ፣ ወቀጠ፤ ደንቡ ቆፋሪው ራሱ እንዲወቅጥ ነው። እማማ የተወቀጠውን ተቀብለው በውኃ በጠበጡና በባዶ ሆዴ ሰጡኝ። ጽዋው ላይ ነጭ አረፋ ነበር።

«አረፋው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሲሠራ ነው። ጠጪ፣ ዝም ብለሽ።»

ስንት ቅዳሜ እንዶድ አሽቼ ልብስ ያጠብኩ ሴት ነኝ። አረፋውን አይቼ ጠጣሁት።

ጉሮሮዬን እየቧጠጠ ወረደ። አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ማስመለስ ጀመርኩ። ከላይ ይወጣል፣ ከታች ይወጣል። ሆዴን የሚጨምቀኝ ነገር ፋታ አልሰጥ አለ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን እያሹ፣ «ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ፤ ወፏ እየወጣች ነው» ይላሉ። እስከ ቅዳሜ ረፋድ ወፏ አልወጣችም። እኔ ግን መውጣት ጀምሬ ነበር። ተነሥቼ መቆም አቃተኝ፤ ሽንቴም ቀረ። ልየው ያን ጊዜ ነው እናቱን ሳያስፈቅድ ጋቢ የጠቀለለኝ። «እናቴ፣ በቃ» ሲል ሰማሁት። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉን፤ መርፌውን ሊከላከሉ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው የመስኮት ቦታውን ለቀቀልኝ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ዳር ለዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ሽታ ሲገባ ፌስታሌን አነሣሁ፣ ሆዴ ግን ባዶ ነበር። ሰውዬው ወደ ውጭ እያየ «አይዞሽ፣ እኔም መንገድ ያመኛል» አለኝ። መንገድ እንዳላመመኝ ያውቃል። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እግዜር ይስጠው።

እንጅባራ ብርዱ ሌላ ነው። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ማን ታማሚ ማን አስታማሚ እንደሆነ አይለይም። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ኔትወርክ የለም፣ ጠብቁ» ትላለች። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ያንን ቃል ስንት ጊዜ ለሰው ብያለሁ! ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ስንቱን ሰው «ጠብቁ» እንዳልኩ ሳስብ አፈርኩ። ከዚያ አንዲት ነርስ በአጠገባችን ስታልፍ አየችኝና ካርድ ሳይወጣልኝ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ አስገባችኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረገ፣ የእጄን ቆዳ ቆነጠጠ።

«ምን ወሰደች?»

«መድኃኒት» አለ ልየው።

«የምን መድኃኒት?»

«የቤት።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ልየው እናቱን አየ። እናቱ አንገታቸውን ደፉ።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሳቸው ሳበ። «እናቴ፣ አልቆጣም። ቢጫ ያደረጋት ጉበቷ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይህ ትውከትና የሽንቷ መቆም ግን ከጠጣችው ነገር ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ካልነገሩኝ በግምት ነው የማክማት።»

«መድኃኒቱ ሰው አይገድልም። አባቴ ስንቱን አድኖበታል።»

«እሺ፣ ስሙን ብቻ።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉት።

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጠልቼው አላውቅም። እኔ የምነቅዘው እዚያው አልጋው ላይ ነው፣ ለእሳቸው ግን ዝምታው አይነቅዝም። ከዚያ ወደ ልየው ዞር ብለው በአዊኛ ያወሩት ጀመር። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ከሰላምታ የዘለለ አዊኛ አልሰማም። እማማም ይህን ያውቃሉ፤ እኔ እንዳልሰማ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ሁልጊዜ በዚያ በር ነው የሚወጡት። አጠገቤ ካለው አልጋ ባሏን የምታስታምም የአዲስ ቅዳም ሴት ነበረች። ጎንበስ ብላ ትራሴን የምታስተካክል መስላ ሹክ አለችኝ።

«ምን እንደሚሉት ልንገርሽ? ‹መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ ነው። አሁን ስሙ ከተጠራ እዚያው ይሞትና እሷም አብራ ትሞታለች፤ እንዳትናገር› ነው የሚሉት።»

እንግዲህ የደበቁት እኔን ለማዳን ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ ይራራል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ጩኸት ነበር የመጣብኝ፤ ጉልበት አጣሁለት እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው ግን ማንም ምንም አላለም።

«እኔም እኮ ስሙን አላውቀውም!» አለ ልየው፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ነግራኝ አታውቅም። ከጥጉ ቆፍር አለችኝ፣ ቆፈርኩ።»

«ከየትኛው ጥግ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ራቀኝ።

«ከምሥራቁ ነዋ። ጉቶው ካለበት።»

ጉቶው። ዓይኔን ጨፈንኩ። አረፋው ታየኝ፤ ጽዋው ላይ ያለው አረፋና የልብስ ማጠቢያዬ ላይ ያለው አረፋ አንድ ሆነው ታዩኝ።

«እንዶድ ነው» አልኩ። «ዶክተር፣ የእንዶድ ሥር ነው የጠጣሁት። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

ዶክተሩ ተነሥቶ ነርሷን ጠራ፣ ምን ያህል እንደጠጣሁና መቼ እንደጠጣሁ ጠየቀ፣ እየተናገረ ይጽፋል። ግሉኮስ በሁለቱም እጄ ገባ፣ የሽንት ቱቦ ገባ። መርፌ ሲገባ አማቴ አላዩም፤ ስሙን ስጠራ ግን ሰምተዋል። ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«የእኔ እንዶድ አይደለም! ሰምታችኋል? የእኔ መድኃኒት እንዶድ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለ ዶክተሩ ሳይዞር።

አፋቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አያቸው፤ ምራቷን የመረዘች ሴት ብሎ ነው የሚያያቸው፣ ማየት ባይችሉም ያ ዝምታ ይሰማል። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ነጻ ይወጡ ነበር። አፋቸውን መልሰው ዘጉና ተቀመጡ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው የሚያየው የሽንት ከረጢቷን ነው። ልየው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዶክተሩ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው እሷን ነው፣ የአዲስ ቅዳሟ ሴት ባሏን አጉርሳ ስትጨርስ መጥታ ታያታለች። ኩላሊቴ ካልተነሣ ወደ ባሕር ዳር እንደምላክ ተነግሮኛል፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ምሽት ላይ መብራቱ ሲቀንስ ልሞት ነው ብዬ ነበር። የፈራሁት መሞቱን ብቻ አይደለም። ከሞትኩ በኋላ ሰፈሩ «መርፌ ነክቷት ነው» እንደሚል አውቅ ነበርና እሱ አቃጠለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከረጢቷ ውስጥ ትንሽ ነገር ተገኘ። ሴትዮዋ በአዊኛ እልል አለች፤ እልልታ ቋንቋ የለውም ብትሉኝም የእሷ አዊኛ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሾርባ ስጠጣ ነው ድንገት የመጣልኝ። ያ የአባት መድኃኒት፣ ያ ስሙ ቢነሣ ሰው የሚገድለው ምሥጢር፣ እንዶዱን ልተክል ብዬ የነቀልኳት ቁጥቋጦ፣ ከተነቀለው አጥር የተለየ ምንም ያላገኘሁባት... ከአጥሩ ያልተለየችው አጥሩ ራሱ ስለሆነች ነው! ስሚዛ ናት። ግማሹ ጎጃም የሚያጥርበት፣ ፍየል የናቀው ስሚዛ! ሳቅ ያዘኝና ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ። ልየው ደንግጦ ነርስ ሊጠራ ተነሣ። ከሳቁ በኋላ አለቀስኩ።

ስወጣ ዶክተሩን ጠየቅሁት። ቢጫ ያደረገኝ ሄፓታይተስ ነው፤ ጉበትን የሚያሳብጥ፣ በተበከለ ውኃ የሚመጣ። የእኔ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ በዕረፍትና በምግብ ራሱ ይለቃል አለኝ። «ስሚዛውን ብጠጣ ኖሮስ?» አልኩት። «መጠኑን ማን ለካው? የታመመ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ ብትተኚ ትሻይ ነበር» አለ። ዝም ብዬ ብተኛ! እነ እማማ ሰው ቢያድኑ ምን ይገርማል፤ ራሱ የሚድነውን ሰው ነው የሚያድኑት።

ቤት ስገባ ሰላም አላገኘሁም። አማቴ የተናገሩኝ የመጀመሪያው ቃል «የተከልሽው አንቺ ነሽ፤ አትንኪ ብዬሽ ነበር» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው፤ የሚያናድደኝም እውነት መሆኑ ነው። እኔም «ስሙን ቢናገሩ ኖሮ አልነቅለውም ነበር፣ ልጅዎም አይሳሳትም ነበር» አልኳቸው። ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነት ይዘን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ተኮራረፍን። ልየው በመሀከላችን እየበላ ከሳ። አንቱ ማለቴን አላቋረጥኩም፤ ከአንቱታው ውስጥ የነበረው ነገር ግን ወጥቷል።

ጉልበቴ ሲመለስ እንዶዱን ነቅዬ ጣልኩ። ልየው ካጠረበት የተረፈውን ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሰብስቤ፣ በነጭ ቀለም የእያንዳንዱን ተክል ስም ጻፍኩ፤ በአማርኛ፣ ከሥሩ ደግሞ ልየው እየነገረኝ በአዊኛ። እማማም አላረፉም። ከገጠር አንዲት ቅርንጫፍ አስመጥተው፣ በልየው እጅ ያው የምሥራቁ ጥግ ላይ አስተከሉ። እኔም ነግቶ ሳይመሽ ቆርቆሮዬን አጠገቧ ቸነከርኩ። አንድ ቀን እየዳበሱ ሲሄዱ እጃቸው አገኘው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ስሟ ነው።»

እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ቆም ብለው አሰቡና፣ «ይሁን። የተጻፈ አልተጠራም» አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ ጠበቃ እንዲህ አያመልጥም። በዚያ ታረቅን ማለት ባይቻልም ተኩስ አቆምን።

ይህን የምጽፈው የታመመ ሰው እንዲያነበው ነው። ጤና አዳም አትትከሉ አላልኩም። የምትጠጡትን ነገር ስም ሊነግራችሁ የማይፈልግ ሰው የሰጣችሁን ግን አትጠጡ፤ አባታችሁም ቢሆን፣ ጻድቅም ቢሆን። ከጠጣችሁም ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ አትፍሩ፣ ለመድኃኒቱም አትፍሩለት፤ ተናገሩ። እኔን ያተረፈኝ ግሉኮሱ ብቻ አይደለም፣ አንድ ቃል ነው።

አሁን በቅርቡ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከሥራ ስገባ አንዲት የገጠር ሴት ባሏን ደግፋ ደጃፋችን ተቀምጣለች። የሰውዬው ዓይን ቢጫ ነው። የእኔን ዓይን ያየሁ መሰለኝ። አማቴ በአዊኛ እያናገሯቸው ነው፤ እኔም ያን ያህል አዊኛ ተምሬያለሁ፤ «ነገ ዓርብ ነው፣ በማለዳ ኑ» ነው የሚሉት። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን እየሳመች ነው።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ነገ የምትጠጣው የስሚዛ ሥር ነው። ስሚዛ። ሰምተኸኛል? ስሚዛ!»

ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮኽኩት። ሴትዮዋ ባሏን አየች፣ ባሏ እሷን አየ።

«ስሚዛ?» አለች። «አጥራችን ሁሉ ስሚዛ አይደል እንዴ? ለእሱ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?»

«ተነሡ» አልኳት፤ «ባጃጅ ልጥራ። ሐኪም ጋ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። መርፌ ቢወጉትም እጁን እኔ እይዝለታለሁ።»

ሰውዬው እየተደገፈ ተነሣ። በሩ ላይ ስደርስ አማቴ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቁ ጥግ አዙረዋል፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ገደልሽው።»

«አዎ፣ እማማ» አልኩ። «ገደልኩት።»